ከስሜን ውርጭ እስከ ጊቤ ዋሻ፦ አፈርን በብርድ የማርጋት ሥራ ታሪክ

በስድስተኛው መቶ ዓመት አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ቆስማስ በአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ ተቀርጾ ያገኘውን የድል ጽሑፍ ገልብጦ ለታሪክ አቆይቷል። ጽሑፉን ያስቀረጸው ንጉሥ ስም ባይታወቅም የዘመተባቸው አገሮች በተራ ተዘርዝረዋል፤ ከእነዚህም አንዱ ስሜን ነው። ስለዚህ አገር ሲናገር ከወንዝ ማዶ ያለ፣ ለመውጣት የሚያስቸግር፣ ውርጭና በረዶ የማይለየው፣ እግረኛም እስከ ጉልበቱ በበረዶ የሚሰጥምበት መሆኑን ያመለክታል። ስለ ኢትዮጵያ ምድር ቅዝቃዜ በጽሑፍ ከቀሩት ምስክርነቶች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ይኸው ነው።

ዛሬ ከዳባት ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ወደ ጃናሞራና ወደ ደረስጌ የሚጓዝ ሰው እስከ ጉልበት የሚያሰጥም በረዶ አያጋጥመውም። ይሁን እንጂ በበጋው ወራት ሰማዩ ጥርት ባለባቸው ሌሊቶች በከፍታው ላይ ያደረ መንገደኛ ማለዳ ሲወጣ እርጥቡ አፈር እንደ መርፌ በቀጠኑ የበረዶ ዘንጎች ላይ ተነሥቶ ያገኘዋል፤ ሲረግጠውም ከጫማው በታች ይንኮሻኮሻል። ሌሊት እንደ ድንጋይ የጠጠረው መሬት ፀሐይ ሲሞቀው ይላላል፤ ከረፋድ በኋላም ከቀድሞው የባሰ ጭቃ ይሆናል። ይህ መጠጠርና መላላት ሲደጋገም አፈሩን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ የላላውን ይዞት ወደ ገደሉ ይወርዳል። ገበሬው ከደጋ በላይ ያለውን ምድር «ውርጭ» ብሎ ሲጠራ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል መጠቅለሉ ነው።

መሐንዲስ ከዚህ ማለዳ የሚያየው ነገር ሁለት ነው። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለ ውሃ በረዶ ሲሆን ቅንጣቶቹን እንደ ሲሚንቶ ያያይዛል፤ ውሃም አያሳልፍም። ያው በረዶ ሲቀልጥ ግን አፈሩን ባገኘበት ሁኔታ አይተወውም። አፈርን በሰው ሠራሽ ብርድ የማርጋት ሥራ የመቶ አርባ ዓመት ታሪክ የመጀመሪያውን ለመጠቀም፣ ከሁለተኛው ደግሞ ለመጠንቀቅ የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው።

ደረስጌ በታሪክ የታወቀው በውርጩ አይደለም። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ለራሳቸው ዘውድ አስበው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን ድል ያደረጉት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በግንባታ ሙያ ላይ ላለ ሰው ግን ደብሩ ሌላም ትዝታ አለው፤ ሥራውን የመራው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ነበረ። መሐንዲስ በማይገኝበት ዘመን ቅጠል የሚሰበስብ ሊቅ ግንብ ሲያስገነባ መገኘቱ የሚያስደንቅ ቢመስልም፣ የዚያን ጊዜ መኳንንት ከውጭ የመጣን ሰው ሁሉ የእጅ ሥራ ዐዋቂ አድርገው ይቆጥሩ ስለ ነበር ነገሩ እንግዳ አልነበረም።

በእንዲህ ያለው የደጋ አገር መሠረት ሲቆፈር ውሃ ያስቸገረው ግንበኛ የነበረው መፍትሔ አንድ ነው፤ ክረምቱ እስኪወጣ፣ ምንጩም እስኪጎድል መጠበቅ። መስከረም ከጠባ በኋላ ይቆፈራል፣ ዝናብ ሳይመለስ ግንቡ ከመሬት ይወጣል። መሬቱ ዐለት ከሆነ፣ ሥራውም ጥልቅ ካልሆነ፣ ይህ ዘዴ እስከ ዛሬም የሚናቅ አይደለም። መጠበቅ የማይጠቅመው ውሃው ዓመቱን ሙሉ የማይጎድል፣ አፈሩም ደቃቅ አሸዋ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለው አሸዋ ሲቆፈር እንደ ሾርባ ይፈስሳል፤ ውሃው በፓምፕ በተሳበ ቁጥር አሸዋውም አብሮ ይመጣል፤ በዙሪያው ያለው መሬትም ይሰምጣል።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የጀርመን የከሰል ማዕድን ባለቤቶች የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር። የከሰሉ ንጣፍ የሚገኘው ውሃ ባዘለ አሸዋ ሥር ስለ ሆነ ወደ ከሰሉ የሚወርደውን ጉድጓድ ለማውረድ ብዙ ሠራተኛ ሕይወቱን ያጣ ነበር። በሳይቤሪያ ወርቅ ፈላጊዎች ከዚያ ቀደም ብለው የክረምቱን ብርድ ይጠቀሙ ነበር፤ በረዶ በሸፈነው ወንዝ ላይ ጥቂት ይቆፍሩና ብርዱ ወደ ታች ዘልቆ የጉድጓዱን ወለልና ግድግዳ እስኪያረጋ ቆይተው እንደገና ይቀጥላሉ። ይህ ግን የሳይቤሪያን ክረምት የሚጠይቅ ዘዴ ነው። በሌላ አገር ብርዱን የሚሠራ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ይህም መሣሪያ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ካርል ሊንዴ የአሞኒያ ማቀዝቀዣውን ለቢራ ጠማቂዎች ሲያቀርብ እጅግ ተሻሻለ። ቢራን ለማቀዝቀዝ የተደከመበት ጥበብ የማዕድን ሠራተኛን ሕይወት ለማትረፍ መዋሉ ቴክኒክ በምን ያህል ጠማማ መንገድ እንደሚጓዝ ያሳያል።

ዘዴውን በተሟላ መልክ ያቀረበውና በ1883 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ጀርመናዊው የማዕድን መሐንዲስ ፍሪድሪኽ ሄርማን ፖትሽ ነው። በዚያው ዓመት በሽናይድሊንገን አቅራቢያ በአርኪባልድ ማዕድን ላይ ሥራ ላይ አዋለው። አሠራሩ በመሠረቱ ዛሬም አልተለወጠም። ሊቆፈር በታሰበው ጉድጓድ ዙሪያ፣ በአንድ ሜትር ያህል ልዩነት፣ ታቻቸው የተደፈነ የብረት ቧንቧዎች ወደ መሬት ይወርዳሉ። በእያንዳንዱ ቧንቧ ውስጥ ሌላ ቀጭን ቧንቧ ይገባል። ከዜሮ በታች ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ የካልሲየም ክሎራይድ ጨው ውሃ በውስጠኛው ይወርድና በውጨኛው በኩል የአፈሩን ሙቀት ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው ይመለሳል። በእያንዳንዱ ቧንቧ ዙሪያ የረጋ አፈር ዐምድ እየወፈረ ይሄዳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ዐምዶቹ ተገናኝተው አንድ የተዘጋ ግድግዳ ይሆናሉ። ቁፋሮው በግድግዳው ውስጥ ይካሄዳል፤ የኮንክሪቱ ሽፋን ካለቀ በኋላ ማቀዝቀዣው ይቆማል።

ዘዴው ቶሎ ተስፋፋ። በ1886 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ውስጥ በብሩንኬበርግ ኮረብታ ሥር የተከፈተው የእግረኞች ዋሻ ሲሠራ፣ ከላይ ቤቶች ያሉበትን ልል ጠጠር ለመያዝ ቀዝቃዛ አየር በመንፋት አፈሩ እንዲረጋ ተደርጓል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዘዴው አሜሪካ ገብቶ በሚሺጋን በቻፒን የብረት ማዕድን ላይ ተሞከረ። በ1930ዎቹ ደግሞ የሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር ሲሠራ ለተንቀሳቃሽ ደረጃዎቹ የተቆፈሩት አዘቅዛቂ ዋሻዎች ውሃ ያዘለውን አፈር ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው። በ1960ዎቹ ፈሳሽ ናይትሮጂን መጣ። ይህ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ የሚፈላ ስለ ሆነ ሳምንታት የሚፈጀውን በቀናት ይጨርሳል፤ ነገር ግን ወደ አየር የሚለቀቅ ስለ ሆነ እንደ ጨው ውሃው ተመልሶ አይሠራበትም፤ ወጪውም በዚያው መጠን ነው።

ስለ ወጪ ከተነሣ ቀላል ሒሳብ ማየት ይበቃል። 300 ሊትር ውሃ የያዘ አንድ ሜትር ኩብ አሸዋ አለ እንበል። ውሃው ዜሮ ዲግሪ ከደረሰ በኋላ እንኳ በረዶ እንዲሆን ብቻ ከእያንዳንዱ ኪሎ 80 ኪሎካሎሪ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህም 24,000 ኪሎካሎሪ፣ ማለት ወደ 28 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ነው። አሸዋውን ራሱን ማቀዝቀዝና ከዙሪያው ያለማቋረጥ የሚገባውን ሙቀት መመለስ ገና አልተቆጠረም። የከርሰ ምድር ውሃው የሚፈስስ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን ሳያቋርጥ ያመጣዋል፤ ፍጥነቱ በቀን ከ2 ሜትር ገደማ ካለፈ በጨው ውሃ ብቻ ግድግዳውን መዝጋት እጅግ ያስቸግራል።

አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ ካልተዘጋ ቀዳዳ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. በሌኒንግራድ የባቡር ዋሻ ቁፋሮው ውሃ ያዘለ አሸዋ ነክቶ ሲጥለቀለቅ፣ መሬቱን ለመያዝ ብዙ ፈሳሽ ናይትሮጂን ፈሰሰበት። መሥመሩ በዓመቱ ተከፈተ፤ ሆኖም ያ ቦታ መስመጡን ስላላቆመ በ1995 ተዘግቶ በሌላ በኩል አዲስ ዋሻ ተቆፍሮ በ2004 እንደገና ተከፈተ። በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. በሻንግሃይ አራተኛው መሥመር ላይ ሁለቱን ዋሻዎች የሚያገናኘው መተላለፊያ ሲቆፈር የረጋው አፈር ሳይበቃ ቀርቶ ውሃና አሸዋ ገባ፤ በላይ የነበሩ ሕንፃዎችም ወደቁ። በሌላ በኩል በኔፕልስ ከተማ በጥንታዊ ሕንፃዎች ሥር የባቡር ጣቢያዎች በዚህ ዘዴ ተቆፍረዋል። በፉኩሺማ ደግሞ 1,500 ሜትር ያህል ርዝመትና 30 ሜትር ጥልቀት ያለው የበረዶ ግድግዳ ከ2016 ጀምሮ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ተበላሸው የኑክሌር ጣቢያ በብዛት እንዳይገባ ሲገድብ ቆይቷል።

ሌላው ጉዳት የአፈሩ መነሣት ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን በይዘቱ በመቶ 9 ያህል ይጨምራል፤ የባሰው ግን ይህ አይደለም። ደቃቅ አፈር ሲቀዘቅዝ ከዙሪያው ውሃ እየሳበ የበረዶ ንጣፍ ያበጃል፤ በዚህም መሬቱ ያብጣል። ዋልካ የቤት ወለል ሲያነሣና ግድግዳ ሲሰነጥቅ ያየ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ለዚህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ መንሥኤው ቢለያይም ስንጥቁ አንድ ዓይነት ነው። ሲቀልጥ ደግሞ መሬቱ ይሰምጣል። የስሜን ማለዳ ሙሉ ታሪኩን ከነመጨረሻው በአንድ ቀን ያሳያል።

ዘዴው በኢትዮጵያ ቢሠራበት ኖሮ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው በጊልገል ጊቤ ሁለት ላይ ነው። ይህ 420 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ከጊልገል ጊቤ አንድ የወጣውን ውሃ በፎፋ ተራራ ሥር 26 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ዋሻ አሳልፎ ከ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይጥለዋል። ቁፋሮው በሁለት ማሽኖች ከሁለቱም ጫፎች ተጀመረ። በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ከመግቢያው በኩል የሄደው ማሽን የላሸቀ ዐለት ገጠመው፤ ከግንባሩ የመጣው ጭቃም ማሽኑን ወደ ኋላ ገፋው፤ ከበስተኋላው የተገጠመውንም የኮንክሪት ሽፋን ጎዳ። በኋላ የተገመተው ግፊት 40 ባር ነበር። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። 7 ሜትር ያህል ስፋት ባለው የዋሻ ግንባር ላይ ሲሰላ ግን ከ15,000 ቶን በላይ ይሆናል።

አፈሩን ማርጋት ይቻል ነበርን? ግፊቱ ብቻውን የሚከለክል አይደለም፤ በካናዳ ሳስካቸዋን የፖታሽ ማዕድን ጉድጓዶች ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን ውሃ ያዘለ አሸዋ የተሻገሩት አፈሩ ረግቶላቸው ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚቆፈረው ቁልቁል ስለ ሆነ ቧንቧዎቹን ከምድር ላይ በጊዜው ማውረድ መቻሉ ነው። በፎፋ ግን በላይ ያለው ተራራ እጅግ ወፍራም በመሆኑ ከላይ ቧንቧ ማውረድ የሚታሰብ አይደለም። የሚቀረው ከዋሻው ውስጥ ወደ ፊት መብሳት ነው፤ ይህም ማለት 40 ባር ግፊት ባለው ጭቃ ውስጥ ተጣብቆ በቆመ ማሽን በኩል በርካታ ቀዳዳዎች መክፈት ነው፤ እያንዳንዱም ቀዳዳ ራሱ የጭቃ መውጫ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በላይ ግድግዳው የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለመወሰን የላሸቀው ዐለት ስፋት አስቀድሞ መታወቅ ነበረበት። አፈርን የማርጋት ዘዴ ያልተጠበቀ አደጋ ሲደርስ የሚጠራ ሐኪም አይደለም፤ የሚሠራው ሕመሙ ቀድሞ በታወቀበት ቦታ ነው። ሌኒንግራድ ይህን በሃያ ዓመት ዋጋ ተምሯል።

በጊቤ የተወሰደው መንገድ በጎን መዞሪያ ዋሻ ቆፍሮ ማሽኑን ማስለቀቅና የዋሻውን መሥመር ከክፉው መሬት ማራቅ ነበር። አዝጋሚ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በአገሩ ውስጥ ባለ መሣሪያ የሚሠራ ነው። ዋሻው በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከፈተ፤ ጣቢያው በጥር 2002 ተመረቀ። ብዙ ቀን ሳይቆይ በዚያው ወር የዋሻው አንድ ክፍል ስለ ተደረመሰ ሥራው ቆመ፤ ሠራተኞችም እንደገና ወደ ውስጥ ገቡ። ውሃው በፎፋ ሥር ዳግመኛ ማለፍ የጀመረው በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ነው።