«ሲስተሙ አልተቀበለህም» ሲባል ምን ማለት ነው? ስለ ማረጋገጫ ውጤትና ስለ ኤጀንት

ጎሮም ካምፕ ውስጥም ሆነ ጁባ ከተማ የምንኖር ሰዎች «ሲስተሙ አልተቀበለህም» የምትለውን ቃል እናውቃታለን። የሚናገረውም ሰው ራሱ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ስክሪኑን አይቶ ይነግርሃል፣ አለቀ። ከዚያች ቃል በስተጀርባ ግን አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሌላውን «ይህ ሰው ነኝ ያለውን ነው ወይ?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሚያመጣበት አሠራር አለ። አሁን ደግሞ ጠያቂው የቢሮ ሠራተኛ ሳይሆን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት መሆን እየጀመረ ስለሆነ ነገሩን ብናውቀው ይጠቅመናል።

ምሳሌዬን ከአገራችን ልውሰድ። ፋይዳ የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ ነው። ሕጋዊ መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሲሆን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም ነው። የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ተወስዶ ለሰውየው ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጠዋል። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆኗል። የቆመው ሞሲፕ በሚባል ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ በ2018 እ.ኤ.አ. በሕንድ ባንጋሎር የተጀመረ ሲሆን ፊሊፒንስና ሞሮኮም ይጠቀሙበታል። አሠራሩ ለማንም በግልጽ ስለተጻፈ አንብቦ መረዳት ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባንኩ የእናንተን ቁጥር፣ ከቁጥሩ ጋር ደግሞ አሻራችሁን ወይም በስልካችሁ የመጣውን የአንድ ጊዜ ኮድ በምስጢር ጽሑፍ ቆልፎ ይልካል። ለጥያቄው የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። «የሰውየው ፈቃድ ተገኝቷል» የሚል መስመርም አለበት። ይህንን መስመር የሚሞላው እናንተ ሳትሆኑ ጠያቂው ድርጅት ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህ ነገር አይጥመኝም። የሚመለሰው መልስ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንደኛው «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ነው። ሁለተኛው ስምን፣ የልደት ቀንንና ፎቶን የመሳሰሉ መረጃዎችን ጨምሮ ያመጣል፤ ይህንን ለማግኘት ድርጅቱ የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። መልሱ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አሉ። አንዱ ውጤቱ ነው፦ ተዛምዷል ወይም አልተዛመደም። ሌላው የስህተት ዝርዝር ነው፦ ኮዱ ጊዜው አልፏል፣ አሻራው ጥራት የለውም፣ ቁጥሩ ተቆልፏል፣ ጥያቄው በትክክል አልተላከም፣ ወዘተ። ኔትወርክ ከተቋረጠ ደግሞ ጭራሽ መልስ የለም። እንግዲህ ውጤቱ ላይ «አይደለም» ተጽፎ ስህተቱ ላይ «ኮዱ ጊዜው አልፏል» ቢል፣ ሰውየው አጭበርባሪ ነው ማለት ነው? አይደለም! ኮዱ ዘገየ ማለት ብቻ ነው። ውጤቱን አይቶ ስህተቱን ያላነበበ ፕሮግራም ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ «አልተረጋገጠም» ብሎ ይጽፍባችኋል። ለተማሪዎቼ ብነግራቸው፣ ፈተና ወስዶ በወደቀና ፈተናው ባልታረመለት ልጅ መካከል ያለ ልዩነት ነው የምላቸው። ሁለቱም ካርዳቸው ላይ የማለፊያ ውጤት የላቸውም፤ ግን አንድ አይደሉም።

ኤጀንት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኤጀንት ማለት ትእዛዝ ተሰጥቶት ሥራውን በራሱ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ነው። ራሱ የመረጃ ቋቱን አያይም። ከውጭ የተሰጠውን መሣሪያ ይጠራል፤ መሣሪያው ሄዶ ውጤቱን ያመጣለታል። ከኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባል የጋራ ደንብ ወጥቶ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ከኤጀንት ጋር ማገናኘት ቀላል ሆኗል። ኤጀንቱ መሣሪያውን የሚያውቀው በተጻፈለት መግለጫ ነው፦ ስሙ፣ የሚሠራው ሥራ፣ የሚቀበለው፣ የሚመልሰው። ሰው ቢሆን «ይሄ ነገር ልክ አይመስልም» ብሎ አለቃውን ይጠይቃል። ኤጀንት ግን መግለጫው ላይ ያልተጻፈውን በግምት ይሞላዋል።

ስለዚህ የመሣሪያው መግለጫ ቢያንስ አራት ሁኔታዎችን ለይቶ መጻፍ አለበት፦ ተዛመደ፣ አልተዛመደም፣ ገና በመጠባበቅ ላይ ነው፣ ማወቅ አልተቻለም። የመጨረሻው ሲመጣ ኤጀንቱ ወደ ሰው እንዲያስተላልፍ እንጂ እንዳይወስን መታዘዝ አለበት። ውጤቱ የተገኘበት ሰዓትም መመዝገብ አለበት፤ የዛሬ ዓመት «አዎ» የዛሬ «አዎ» አይደለምና።

ይህ ተራ የኮምፒውተር ሰዎች ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ሕንድ ውስጥ አድሃር በሚባለው መታወቂያ አሻራቸው አልዛመድ ያላቸው ሰዎች ራሽን ተከልክለዋል። በእጁ የሚሠራ ሰው፣ ጡብ የሚያመርት፣ ከሰል የሚያከስል፣ ልብስ የሚያጥብ፣ አሻራው ያልቃል። ኬንያ ውስጥ የሆነው ደግሞ ይብሳል። በድርቅና በችግር ጊዜ እርዳታ ለማግኘት በልጅነታቸው በስደተኛ መዝገብ የተመዘገቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬንያውያን ሶማሌዎች፣ ኋላ አሻራቸው እዚያ መዝገብ ላይ ስለተገኘ የዜግነት መታወቂያ ሳያገኙ ዓመታት ቆይተዋል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ አሻራው የእነሱ ነበር። ከውጤቱ የተወሰደው ትርጉም ነበር ስህተቱ።

ወደ እኛ ስመለስ፣ እዚህ ደቡብ ሱዳን ውስጥ የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ስኮፕ፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የሚይዘው መዝገብና ፋይዳ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። አንዱ ላይ ማለፍ ሌላው ላይ አለህ ማለት አይደለም፤ አንዱ ላይ መውደቅም እንደዚያው። ፋይዳ ያላችሁ ደግሞ ኮዱ የሚላከው ስትመዘገቡ በሰጣችሁት ስልክ ቁጥር መሆኑን አትርሱ። ያ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ጁባ ላይ ካልሠራ ኮዱ አይደርሳችሁም፣ ስክሪኑ ላይም እናንተ ራሳችሁን ማረጋገጥ እንዳቃታችሁ ሆኖ ነው የሚታየው።

«ሲስተሙ አልተቀበለህም» ከተባላችሁ በትህትና ጠይቁ፦ አልተዛመደም ነው ወይስ መልስ አልመጣም? የስህተቱ መልእክት ምን ይላል? የጥያቄው መለያ ቁጥር ስንት ነው? ቁጥሩንና ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ፤ በኋላ አቤት ስትሉ የሚፈለገው እሱ ነው። በአሻራ ካልሆነ በዓይን ወይም በሌላ መንገድ እንዲሞከርላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ራሳችሁ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስተካከል መብት ይሰጣችኋል።

በስልክ የመጣላችሁን ኮድ ደግሞ ለማንም አትስጡ። «ከባንክ ነው፣ ቶሎ ንገረኝ» ብሎ በአማርኛ የሚያናግራችሁ ድምፅ ሰው ይሁን ፕሮግራም በስልክ መለየት ከባድ እየሆነ ነው። ኮዱን የተቀበለ ማንም ይሁን፣ ሲስተሙ «አዎ፣ እሱ ነው» ብሎ ይመልስለታል።