ሲሳል ወደብ፣ ታንጋ ወደብ

ታንጋ ላይ የቃጫ ገመድ የጫነ ነጋዴ «ሲሳል» የሚለውን ስም ያውቃል። ስሙ ቃጫው ወደ ውጭ ይጫንበት የነበረ የሜክሲኮ ወደብ ነው፤ ዩካታን ውስጥ። እዚያ በማያዎች ቤት ግድግዳው መንጠቆ አለው። ከቃጫ ወይም ከጥጥ የተሠራው ሃሞክ፣ ማለትም ተንጠልጣይ የመረብ አልጋ፣ ማታ ክፍሉን አቋርጦ ይወጠራል፤ ጠዋት አንዱ ጫፍ ይፈታና መኝታው ሳሎን ይሆናል። አንዲት ክፍል ተከራይቶ ቤተሰብ ለሚያሳድር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም!

ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ካሪቢያን ደሴቶች ላይ አይቶታል። ተክሉ ግን ወደ እኛ ባሕር የተሻገረው በ1893 ነው፤ ጀርመናዊው ሪቻርድ ሂንዶርፍ ከፍሎሪዳ ካስመጣቸው 1,000 ችግኞች ታንጋ በሕይወት የደረሱት 62 ብቻ ነበሩ። የታንዛኒያ የቃጫ እርሻ የተነሣው ከእነዚያ ነው።