የሰው ልጅ ለድምፅና ለዕይታ የሚሰጠው ምላሽ ፍጥነት

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በእያንዳንዱ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። በግ የሚነዳ ልጅ ድንገት ከፊቱ ቢገባ፣ አሽከርካሪው ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ መኪናው የሚሄደውን ርቀት የሚወስነው የምላሽ ጊዜው ነው።

የምላሽ ጊዜ የሚባለው አንድ ምልክት ከታየበት ወይም ከተሰማበት ቅጽበት አንስቶ ሰውነት እስኪንቀሳቀስ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በቤተ ሙከራ በሚደረጉ ቀላል ፈተናዎች ጤናማ ወጣቶች ለድምፅ በአማካይ ከ0.14 እስከ 0.16 ሰከንድ፣ ለብርሃን ደግሞ ከ0.18 እስከ 0.20 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ እንደሚሰጡ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ለልዩነቱ ምክንያት የሚሆነው የስሜት ሕዋሳቱ አሠራር ነው። ጆሮ ንዝረትን በቀጥታ ወደ ነርቭ መልእክት ሲለውጥ፣ ዓይን ግን ብርሃንን በኬሚካላዊ ሂደት ስለሚለውጥ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል። ይሁን እንጂ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጓዝ፣ ምንጩ ከ15 ሜትር ያህል ሲርቅ የጆሮ ብልጫ ያበቃል። ከማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ምሳሩ ሲያርፍ ቀድሞ መታየቱ፣ ድምፁ ዘግይቶ መሰማቱም ከዚህ የተነሳ ነው።

ጾታን በሚመለከት፣ በበርካታ ጥናቶች ወንዶች በአማካይ በጥቂቱ ፈጥነው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ በተካሄዱ የአጭር ርቀት ሩጫዎች ላይ የተደረገ ጥናትም በአነሳስ ወቅት ተመሳሳይ ልዩነት አሳይቷል። አጥኚዎቹ ግን መነሻ ብረቱ ለሁለቱም ጾታዎች አንድ ዓይነት የግፊት መጠን መለኪያ መጠቀሙ ለልዩነቱ አስተዋጽኦ ሊኖረው እንደሚችል ገልጸዋል። በአትሌቲክስ ሕግ ከተኩስ በኋላ 0.1 ሰከንድ ሳይሞላ የተነሳ ሯጭ ያለአግባብ እንደተነሳ ይቆጠራል። አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ውድድር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋት የቀደመው ከዚህም ባነሰ፣ በ0.09 ሰከንድ ነበር።

በሜዳሊያ ረገድ ወሳኝ የሚሆነው ይህ መጠን በመንገድ ላይ ሲመዘን አነስተኛ ነው። በጾታዎች መካከል የ0.03 ሰከንድ ልዩነት አለ ቢባል እንኳ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአንጻሩ ድካም፣ የአልኮል መጠጥ ወይም የእጅ ስልክ የአሽከርካሪውን ምላሽ በአንድ ሰከንድ ቢያዘገይ፣ ተሽከርካሪው 17 ሜትር ተጨማሪ ይጓዛል። በአንድ ጾታ ውስጥ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነትም በጾታዎቹ አማካይ መካከል ካለው ይሰፋል።

በመሆኑም የጾታ አማካይ አንድን ግለሰብ ለአሽከርካሪነት ወይም ለሌላ የሥራ መደብ ለመመዘን መሠረት ሊሆን አይችልም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35ም የሴቶችን እኩልነት ይደነግጋል። የእግረኛን ሕይወት የሚታደገው ፍጥነትን መቀነስና ነቅቶ ማሽከርከር ነው።