በደቦ የሚሠራ ኃይል ቆጣቢ መኖሪያ ቤት

ቤተሰብ፣ ጎረቤትና ወዳጅ በደቦ ወይም በወንፈል ተሰባስቦ ቤት መሥራት በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራ ቤት የጉልበት ወጪን ከመቀነሱም በላይ፣ ከመነሻው በአግባቡ ከታቀደ ለማሞቂያ፣ ለማቀዝቀዣና ለመብራት የሚውለውን ኃይል ይቆጥባል።

በከተማ ክልል ሥራው የሚጀመረው የግንባታ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ነው። አመልካቹ የይዞታ ማረጋገጫ ሰነዱንና የቤቱን ፕላን ይዞ ፈቃድ ለሚሰጠው የአካባቢው ጽሕፈት ቤት ያመለክታል። የደቦው ቀን ተቆርጦና ጠላ ተጠምቆ ሳለ ፈቃዱ የሚዘገይበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ሲያጋጥም ቀኑን ማዛወር እንጂ ቁፋሮ መጀመር አይገባም። ያለ ፈቃድ የተጀመረ ግንባታ ሊታገድ ወይም ሊፈርስ ስለሚችል፣ የብዙ ሰው ልፋት ከንቱ ይቀራል።

የቤቱ አቀማመጥ ያለ ተጨማሪ ወጪ ከፍተኛ ጥቅም ያስገኛል። ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ ዋና ዋናዎቹ መስኮቶች ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን ይዞራሉ። በታኅሣሥና በጥር የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በደጋ የደቡቡ መስኮት በብርዱ ወራት ብርሃንና ሙቀት ያስገባል። በቆላ የሚፈለገው ጥላና ነፋስ ነው፤ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ፣ በረንዳና ትይዩ መስኮቶች ይመከራሉ። የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት የምዕራብ ግድግዳ ላይ መስኮት ባይኖር ይመረጣል።

ወፍራም የአፈር ግድግዳ ቀን የሳበውን ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ ስለሚመልስ ለደጋ ተስማሚ ነው። ሆኖም ሁሉም አፈር አይሆንም። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አፈሩን ለመለየት የጠርሙስ ሲሶ ያህል አፈር ጨምሮ፣ ውኃ ሞልቶና በደንብ አናውጦ አንድ ቀን ማቆየት ይበቃል፤ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ተነባብሮ ይታያል። ሸክላው ከበዛ አሸዋ ይጨመርበታል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀናት ሲቆይ ይበልጥ ይያያዛል። ግድግዳው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ካላረፈ ግን የዝናብ ፍንጣቂና እርጥበት እግሩን ይበላዋል።

የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል። ኮርኒስ ከሌለው ወፍራሙ ግድግዳ ብቻውን የሚፈይደው ጥቂት ነው። ብዙ ቤተሰብ ገንዘብ ሲያጥረው የሚያስቀረው ኮርኒሱን ነው፤ ከዚያ ይልቅ ቀለሙን ማዘግየት ይሻላል።

ለደቦ አመቺው ወቅት መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው፤ ጭዱም፣ ደረቁም አየር፣ የሰዉም ጊዜ ያኔ ይገኛል። ድንጋይ ማመላለስ፣ ጭቃ ማቡካትና ምርጊት ለብዙ እጅ የተመቹ ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛው ምርጊት የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ስለማይደረብ፣ ደቦው ለሁለት ቀጠሮ ይከፈላል። ጣሪያ ላይ የሚወጡት ሥራውን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ ጠላውም ሁሉም ከመሰላል ከወረደ በኋላ ይቅረብ።

የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ለደቦ የሚተው ሥራ አይደለም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ የመስመሩን ቱቦ ከመጨረሻው ምርጊት በፊት እንዲቀብር ቀጠሮ ሊያዝለት ይገባል፤ አለዚያ የተመረገው ግድግዳ እንደገና ይቦረቦራል።