የጋሊሌዮ ኳስና የሰቆጣ ተማሪ

ጋሊሌዮ ጋሊሌይ በፓዱዋ ሳለ ኳስ በተዳፋት ላይ እያንከባለለ ከጠረጴዛ ጠርዝ ወደ ወለል ይጥል ነበር። ውጤቱን የመዘገበበትን ገጽ፣ በ1608 እ.ኤ.አ. እንደ ተጻፈ የገመተው የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊ ስቲልማን ድሬክ በ1973 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ኳሱ ከ300 ነጥብ ከፍታ ሲለቀቅ 800 ነጥብ ርቆ ወደቀ፤ ነጥብ የተባለው ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ መለኪያ ነው። ከ600 ሲለቀቅ በስሌት 1131 መሆን ሲገባው የተለካው 1172 ሆነ። ጋሊሌዮ ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፈ፤ ልዩነቱንም 41 ብሎ አሰፈረ።

ይህን ሙከራ በሰቆጣም ሆነ በሌላው የዋግ ኽምራ ደጋ ለመሥራት ውድ ዕቃ አያሻም። ጠረጴዛ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ጫፉ አግድም የተደረገ ቧንቧ፣ የኩሽኔታ ኳስና ካርቦን ወረቀት ይበቃሉ፤ ካርቦን ቢታጣ የተነፋ አመድ ምልክቱን ይይዛል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ትምህርት ቤቶቹ ለተጎዱበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚነሣው ከስሌቱ ነው። ተማሪው የከፍታው ጉልበት በሙሉ ወደ ፊት ፍጥነት እንደ ተለወጠ አድርጎ ካሰላ፣ ኳሱ ከተጠበቀው 15 በመቶ ያህል አጥሮ ይወድቃል፤ የሚንከባለል ድፍን ኳስ ከጉልበቱ ከሰባት እጅ ሁለቱን ለመሽከርከር ያውለዋልና። ይህ ያልተነገረው ልጅ ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ ቁጥሩን ያርማል፤ አስተማሪውም ንጹሑን ደብተር አይቶ ሙሉ ማርክ ይሰጣል። ጋሊሌዮም የመሽከርከሩን ድርሻ አላወቀም ነበር፤ ሆኖም 1172ን አልፋቀም።