የብሪታንያ የቀልድ ጋዜጦችና ስመ ስውራን ሠዓሊዎቻቸው

በአሥራ ስምንተኛው ምእት ዓመት መገባደጃና በአሥራ ዘጠነኛው መባቻ፣ በለንደን ከተማ፣ ወይዘሮ ሐና ሐምፍሪ የታተሙ ሥዕሎች የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው፤ ኋላም ሱቁ በሴንት ጄምስ ጎዳና ሲተከል፣ ከበላዩ ይኖር የነበረው ጄምስ ጊልሬ በመዳብ ሰሌዳ ላይ የቀረጸው አዲስ ፌዝ ታትሞና በእጅ ቀለም ተቀብቶ በመስኮቱ በወጣ ቁጥር፣ የሚገዛበት ገንዘብ ያለውም የሌለውም በመንገዱ ላይ ተሰብስቦ በመስተዋቱ በኩል እያየ ይስቅ ነበር። ንጉሡም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም፣ ባሕር ማዶ ያለው ናፖሊዮንም ከጊልሬ መቅረጫ አላመለጡም። በ1792 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሠራው የአልጋ ወራሹ ሥዕል ዛሬም ይታያል፤ ልዑሉ ከማዕድ በኋላ በወንበሩ ላይ ተዘርግቶ፣ ሆዱ ከሰደርያው ሊያመልጥ ደርሶ፣ ጥርሱን በሹካ ይጎረጉራል፤ ከበስተኋላው ሞልቶ የተረፈ የሌሊት መሽኛ ዕቃ ያልተከፈሉ የዕዳ ወረቀቶችን ተጭኖ ተቀምጧል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ያው አልጋ ወራሽ የጊልሬን ሥዕሎች እየገዛ ያከማች የነበረ መሆኑ ነው።

የብሪታንያ ሕዝብ ለጸያፍና ቅጥ ላጣ ቀልድ ያለው ፍቅር ሥሩ የሚገኘው፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚህ መስኮት ፊት ነው። ሆድና መቀመጫ፣ ያበጠ አፍንጫና ግሣት የሰው ዘር ሁሉ ገንዘብ ስለሆኑ፣ ዘውድ የደፋውንና በባዶ እግሩ የሚሄደውን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣሉ፤ ይህንንም ማዕረግ የማያውቅ ሳቅ በወረቀት ላይ የሚያወጣውን እጅ ሕዝቡ እንደ ወዳጅ አድርጎ መቍጠር የለመደው ያን ጊዜ ነው። ጊልሬ ግን በስሙ የታወቀ ሰው ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ይህን ዕድል አላገኙም።

ሥዕሉ ከመዳብ ሰሌዳ ወደ ርካሽ ጋዜጣ በወረደ ጊዜ የሠዓሊው ስም እየተሰወረ ሄደ። በ1867 «ጁዲ» በሚባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ አሊ ስሎፐር የሚባል አንድ ፍጡር ብቅ አለ፤ አፍንጫው ያበጠ፣ ባርኔጣው የተጨማደደ፣ ኪራይ ሰብሳቢ በመጣ ቁጥር በጓሮ የሚሸሽ፣ ሀብት የማግኛ ብልሃቱ ሁልጊዜ የሚከሽፍበት ሰው ነበር። ያመነጨው ቻርልስ ሮስ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሥጋና አጥንት የሰጠችው ግን ማሪ ዱቫል በሚል ስም ትሥል የነበረችው ባለቤቱ፣ በመድረክም ላይ ተዋናይ የነበረችው ኢዛቤል ኤሚሊ ደ ቴሲዬ ነበረች። የዱቫል መስመር ፈጣንና ያልተገራ ነው፤ ሰው ሲወድቅ እግሩ ከአካሉ አስቀድሞ የሚሄድ ይመስላል፣ ቁመናውም የሥዕል መምህራን ያዘዙትን ልክ አይጠብቅም። በ1884 ስሎፐር በገዛ ስሙ የሚጠራ ባለ አንድ ፔኒ ጋዜጣ ወጣለት፤ ሥዕሉም ወደ ሌሎች ሠዓሊያን እጅ ተላለፈ። የዱቫል ድካም ለባሏ እየተቈጠረ እጅግ ረዥም ዘመን አለፈ፤ ለእርሷም የሚገባት ክብር ተመራማሪዎች በየገጹ ፊርማዋን እየፈለጉ የመለሱላት በእኛ ዘመን ነው።

ስምን መሰወር እንደ ሥርዓት የጸናው በስኮትላንድ፣ በዳንዲ ከተማ ነው። የዲ.ሲ. ቶምሰን ማተሚያ ድርጅት በታኅሣሥ 1937 «ዳንዲ» የተባለውን፣ በሐምሌ 1938 ደግሞ «ቢኖ» የተባለውን የልጆች የቀልድ ጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ በ1950 የ«ቢኖ» ሽያጭ በሳምንት ወደ 2 ሚሊዮን ቅጂ ተጠግቶ ነበር። ይህ ሁሉ ሕፃን በየሳምንቱ የሚስቅበትን ገጽ ማን እንደ ሣለው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፊርማውን እንዲያኖር የተፈቀደለት «ዴስፐሬት ዳን» የተባለውን ጉልበተኛ ይሥል የነበረው ዱድሊ ዋትኪንስ ነበር፤ የብዙዎቹ ሥዕል ግን ስም አልባ ሆኖ ይወጣ ነበር።

ከእነዚህ ስመ ስውራን መካከል ሊዮ ባክስንዴልን የመሰለ አላየሁም። የላንክሻየር ተወላጅ ሲሆን፣ ዴቪድ ሎው በ1951 ያስጀመረውን የባለጌውን የዴኒስን ሥዕል አይቶ ተነሣሥቶ ወደ «ቢኖ» መጣ፤ በ1953 ሚኒ የተባለችውን አስቸጋሪ ልጅ፣ በ1954 ደግሞ ኋላ «ባሽ ስትሪት ኪድስ» ተብለው የታወቁትን ተማሪዎች ፈጠረ። የእነዚህ ተማሪዎች የመጀመሪያ ገጾች በአብዛኛው አንድ ትልቅ ሥዕል ናቸው፤ ደወሉ እንደ ተደወለ ከትምህርት ቤቱ በር የሚፈሰው የልጅ መዓት እርስ በርሱ እየተረጋገጠ፣ አንዱ የሌላውን ባርኔጣ እየነጠቀ፣ ሌላው በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በአንድ ጥግ ከዋናው ነገር ጋር የማይገናኝ ትንሽ ጠብ እየተካሄደ ይታያል፤ ልጁም ገጹን በአንድ እይታ ሊጨርሰው አይችልም፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲመለስበት አዲስ ክፋት ያገኝበታል። ከእርሱ ጎን የሚቆመው የማንቸስተሩ ኬን ሪድ ነው፤ የገባበትን መርከብ ሁሉ የሚያሰጥመውን መርከበኛ ጆናን፣ ኋላም ፊቱን እንደ ፈለገ እያጣመመ ወደ አስፈሪ ፍጡር የሚለወጠውን ልጅ ሣለ፤ የእያንዳንዷን ኪንታሮትና የእያንዳንዷን ጥርስ ጥላ በትዕግሥት የሚያወጣ እጅ ነበረው። ዋትኪንስ በ1969፣ ሪድም በ1987 ሞት የደረሰባቸው በሥዕል ሰሌዳቸው ላይ እንዳሉ ነው።

አሳታሚዎች የሰወሩትን ስም አንባቢዎች ፈልገው ማውጣታቸው ከዚህ ታሪክ ሁሉ ልቤን የሚነካው ነው። በአገራችን ብዙው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስሙን ሳይጽፍ ሲያልፍ፣ ዐይኑ የሠለጠነ ሰው የዐይኑን አሣሣልና የልብሱን እጥፋት አይቶ «ይህ የእገሌ እጅ ነው» እንደሚለው፣ የእነዚህ ጋዜጦች ልጆች አንባቢዎችም ስም ሳይነገራቸው ከጉልበት አሣሣልና ከፊት መጨማደድ እጁን ይለዩት ነበር፤ የሚወዱት ሠዓሊ አንድ ሳምንት በሌላ ሲተካባቸውም ያውቁ ነበር። እነዚህ ልጆች አድገው ጋዜጦቹን የሚሰበስቡና ስሞቹን የሚመዘግቡ ሰዎች ሆኑ። ከእነርሱ ግንባር ቀደም የነበረው ዴኒስ ጊፎርድ፣ ራሱም የቀልድ ሥዕል ሠዓሊ የነበረ፣ ቤቱን በአሮጌ ጋዜጣ የሞላ ሰው ሲሆን፣ በ1976 የብሪታንያን የቀልድ ሠዓሊያን የሚያከብር ጉባኤ በለንደን አዘጋጀ፤ በጉባኤው ለቀረበው ሽልማትም የዚያ ኪራይ የማይከፍለው የአሊ ስሎፐር ስም ተሰጠው። ዕድሜያቸውን በጓዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰዎች በአንባቢዎቻቸው ፊት ቆመው ሲጨበጨብላቸው ማየት ከብዙ የመንግሥት ኒሻን የሚበልጥ ክብር ይመስለኛል። ባክስንዴል ግን ጭብጨባ ብቻ አልበቃውም፤ በ1962 ቶምሰንን ከለቀቀ በኋላ፣ ለፈጠራቸው ልጆች መብት ድርጅቱን ከስሶ ለዓመታት ተሟገተ፤ ጉዳዩም በ1987 በስምምነት አለቀ።

የዚህ ሁሉ ወራሽ የተወለደው ግን በማተሚያ ድርጅት ሳይሆን በአንድ የመኝታ ክፍል ነው። በ1979 መጨረሻ፣ በኒውካስል ከተማ በጀዝመንድ ሠፈር፣ የ19 ዓመቱ ክሪስ ዶናልድ ከታናሽ ወንድሙ ከሳይመንና ከጓደኛው ከጂም ብራውንሎ ጋር ሆኖ፣ በወላጆቹ ቤት «ቪዝ» የሚባል ባለ 12 ገጽ ጋዜጣ አዘጋጀ፤ 150 ቅጂ ታትሞ በአካባቢው መጠጥ ቤት ለሽያጭ ሲቀርብ በጥቂት ሰዓት አለቀ። የ«ቪዝ» ብልሃት እነዚያን የሕፃንነት ጋዜጦች በመስመራቸውና በአራት ማዕዘን ክፍላቸው ሳይቀር አክብሮ መቅዳትና፣ በውስጣቸው ግን የአዋቂውን ዓለም ስድብ፣ ስካርና ብልግና ማፍሰስ ነበር። ስለዚህም የሚያነበው ሰው በነውሩ ከመሳቁ በፊት፣ በልጅነቱ ወለል ላይ ተኝቶ ያነበበውን ገጽ እንዳገኘ ሆኖ ይሰማዋል። በቴሌቪዥን ፊት አፉን መግታት የማይችለውን አስተዋዋቂ ሮጀር ሜሊን፣ በሆዱ ነፋስ ሠፈር የሚያውከውን ልጅ ጆኒን፣ ከሁሉም በላይ ቅጥ ያጣውን ቢሊን ያገኘነው ከዚያ ነው፤ ቢሊ የሰው ራስ ያለው ዓሣ ሲሆን፣ ለአንድ የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ሆኖ በግቡ ፊት በአየር ላይ ተንሳፍፎ ኳስ ይመልሳል፤ ዓሣ ያለ ውኃ እንዴት እንደሚኖር የሚጠይቅ ግን በሜዳው ላይ ማንም የለም።

ቶምሰን ፈጠራዎቼን ቀዳችሁ ብሎ በጠበቃ ሲያስጠነቅቅ፣ «ቪዝ» በድርጅቱ በራሱ ላይ በሥዕል እያፌዘ መለሰ፤ እስከ 1990 ገደማም ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን ቅጂ አለፈ። በዚያን ዘመን ሮማ (ጂፕሲ) የሚባለውን ሕዝብ በጅምላ የሚያዋርድ ሥዕል አውጥቶ መወቀሱን መሸፈን አይገባም፤ ወቀሳውም ተገቢ ነበር፤ ጊልሬ ወደ ዙፋን የወረወረውን ጭቃ ድሀና የተገፋ ሕዝብ ላይ መወርወር የዚህን ጥበብ ክብር ይሽራልና። የጋዜጣው ብርቱ ጎን ሌላ ነው። አንባቢዎቹ ከጥንት ጀምሮ የሐሰት ደብዳቤና ለማንም የማይጠቅም የቤት አያያዝ ምክር እየጻፉ ይልኩለት ነበር፤ ከ1997 ጀምሮ የወጣውን የጸያፍ ቃላት መዝገበ ቃላትም በብዛት የሞሉት እነርሱ ናቸው፤ አንዳንዱም አዲስ ነውር ለመፈልሰፍ የሚያፈሰው ትጋት የቅኔ ተማሪን የሚያስቀና ነው። ክሪስ ዶናልድ በ1999 አዘጋጅነቱን ከተወ በኋላ እነግራም ዱሪና ሳይመን ቶርፕ ሥራውን ቀጠሉ፤ አንባቢውም ልክ እንደ እነዚያ ልጆች አንባቢዎች፣ የትኛው ገጽ የማን እጅ እንደ ሆነ እየለየ፣ የራሱንም ደብዳቤ እየላከ እስከ ዛሬ ይከተላቸዋል።