ያረጀ፣ የታመመና የሚፈራ ውሻ ያለበት ቤት ለምትሠሩ እህቶች

ዛሬ የምጽፍላችሁ ብዙዎቻችን ስንመጣ ማንም ስላልነገረን ሥራ ነው። ምግብ መሥራት፣ ልጅ መያዝ፣ ቤት ማጽዳት ይባልና ቤቱ ስንገባ ውሻ ሶፋ ላይ ተኝቶ ይጠብቀናል። ጤነኛ ከሆነ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ያረጀው፣ የታመመውና ጥላውን የሚፈራው ነው። እኔ ያለሁት ሊባኖስ ነው፤ እስካሁን በሦስት ቤት ውሻ ይዣለሁ፣ አንዱ 14 ዓመቱ ነበር። የምነግራችሁ የእንስሳት ሐኪሞች ፊቴ ያሉትንና በሥራ ያየሁትን ነው።

አገር ቤት ውሻ ግቢ ጠባቂ ነው፤ እዚህ ግን እንደ ልጅ ነው የሚታየው። ታዲያ ሲታመም «ምን አበላሽው?» ተብላ የምትጠየቀው ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። አንቺ ሐኪም አይደለሽም፣ በሽታውን እንድታውቂም አይጠበቅብሽም። ያንቺ ሥራ ሦስት ነገር ነው፦ እዪ፣ ጻፊ፣ ንገሪ። ይሄ ውሻውንም ያድናል፣ አንቺንም ከወቀሳ ያድናል።

መጀመሪያ የምትጠይቂው

መዳም ውሻውን ስታስረክብሽ እነዚህን ጠይቂ፦

- ዕድሜው ስንት ነው? ምን በሽታ አለበት?
- መድኃኒት ይወስዳል? ስንት፣ በስንት ሰዓት፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ?
- የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል? የክትባት ደብተሩ የት ነው?
- ሰው ነክሶ ያውቃል? የማይወደው ነገር ምንድን ነው?
- የሐኪሙ ስልክ ስንት ነው? እናንተ ስልክ ካላነሳችሁ ለማን ልደውል?

መልሱን ደብተር ላይ ጻፊ። በዚያው ደብተር በየቀኑ አንድ መስመር ጨምሪ፦ በላ ወይስ አልበላም፣ ውሃ ጠጣ፣ ሽንትና ዓይነ ምድሩ እንዴት ነው፣ መድኃኒት በስንት ሰዓት ወሰደ። አዲስ ነገር ስታዪ ለመዳም በስልክ ጽፈሽ ላኪ፤ ከቻልሽ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ጨምሪ። በአፍ ብቻ የተነገረ ነገር ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ቀኑና ሰዓቱ አብሮት ይቀመጣል።

ያረጀ ውሻ

ትልልቅ ውሾች ከ6 እና 7 ዓመት ጀምሮ ያረጃሉ፤ ትንንሾቹ 10 እና 11 ድረስ ይቆያሉ። ሲያረጁ ዓይናቸው ይደክማል፣ ጆሯቸው አይሰማም፣ መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል።

*ሴራሚክ ወለል ያንሸራትታቸዋል።* የሚተኛበትና የሚበላበት ቦታ ላይ ምንጣፍ ወይም የማይንሸራተት ነገር ይነጠፍ። ስታጸጂ ወለሉ ሳይደርቅ አታሳልፊው። እቃ ከቦታው አታዟውሪ፤ ዓይኑ የደከመ ውሻ ቤቱን በልቡ ነው የሚያውቀው።

*የማይሰማ ውሻ ተኝቶ ሳለ ድንገት አትንኪው።* ደንግጦ ሊነክስሽ ይችላል። ትንሽ ራቅ ብለሽ ወለሉን በእግርሽ መታ መታ አድርጊ፤ ንዝረቱ ይቀሰቅሰዋል።

*ሽንት ቢያመልጠው በተንኮል አይደለም።* አትቆጪው፣ አትምቺው። ወደ ውጪ የምታወጪበትን ጊዜ አብዢ፣ ማታ ከመተኛትሽ በፊት አውጪው፣ የሽንት መምጠጫ ንጣፍ እንዲገዛ ጠይቂ። ግን ደግሞ ለመዳም ንገሪ፤ ድንገት የጀመረው ከሆነ በሽታ ሊሆን ይችላል።

*ሌሊት የሚዞር፣ ጥግ ቆሞ ግድግዳ የሚያይ፣ ቤቱን የሚረሳ* ካለ አእምሮው አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ሽማግሌ መርሳት ማለት ነው። ትንሽ መብራት ይብራለት፣ የምግቡና የመውጫው ሰዓት አይለዋወጥ። ሐኪሙም የሚያዝለት ነገር ስለሚኖር ይነገረው።

*ስታነሺው* አንድ እጅሽ ከደረቱ ሥር፣ ሌላው ከኋላ እግሮቹ ሥር ይሁን። ትልቅ ውሻ ብቻሽን አታንሺ። ፎጣ ከሆዱ ሥር አሳልፈሽ ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ብትይዢው ራሱ እየተራመደ ያግዝሻል። ወገብሽ ከተጎዳ ማንም አይመልስልሽም።

የታመመ ውሻ

ከሁሉም በላይ፦ የሰው መድኃኒት አትስጪ። ፓናዶልና አድቪል ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ። «ትንሽ ብሰጠው ይሻለዋል» ብለሽ አታስቢ። በዴቶልም አትጠቢው።

እነዚህን ምግቦች አታብዪው፦ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት (የበሰለም ቢሆን፤ ኩባና ቱም እንዳይቀምስ)፣ የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት፣ የቴምር ፍሬ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ። ማስቲካው ውስጥ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ካለ ትንሹም ለውሻ መርዝ ነው። እንግዶችና ልጆች ሲያበሉት ካየሽ ዝም አትበይ፣ ለመዳም ንገሪ።

መድኃኒት ስትሰጪ ከታዘዘው አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ኪኒኑን ትንሽ ምግብ ውስጥ ደብቂለት፤ ነገር ግን ከወተትና ከአይብ ጋር የማይሄዱ፣ ተፈጭተውም የማይሰጡ መድኃኒቶች ስላሉ ቀድመሽ አስጠይቂ። ካልዋጠው ወይም መልሶ ከተፋው ድጋሚ ሳትሰጪ ጠይቂ።

ስኳር ያለበት ውሻ ከሆነ ኢንሱሊኑ ከምግብ ጋር ነው የሚሄደው። ካልበላ መርፌውን ሳትወጊ ደውዪ። የሲሪንጁንም ዓይነት አትቀይሪ፤ ለእንስሳ ኢንሱሊን የሚሆነውና ለሰው የሚሆነው አንድ ላይሆን ይችላል። ከመርፌ በኋላ ቢንገዳገድ፣ ቢንቀጠቀጥ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፤ ድዱን ትንሽ ማር ቀብተሽ ወዲያው ደውዪ። መርፌ መውጋት ሳያሳዩሽ እሺ አትበይ። በሐኪሙ ወይም በመዳም ፊት ሁለት ሦስቴ ተለማመጂ።

ልብ ሕመም ላለበት ውሻ ተኝቶ እያለ ትንፋሹን ቁጠሪ። ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። በአንድ ደቂቃ ከ30 በላይ ሆኖ ከቀጠለ ተናገሪ። ሳል ሲጨምርም እንደዚያው።

*ሳትውዪ ሳታድሪ የምትናገሪው፦*

- አንድ ቀን ሙሉ ካልበላ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ካስቀመጠው
- ከወትሮው ብዙ ውሃ ከጠጣና ሽንት ካበዛ (ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል፤ ያልተመከነች ሴት ውሻ ከሆነች ደግሞ የማህፀን መመረዝ ሊሆን ይችላል)
- ከከሳ፣ ካነከሰ፣ አዲስ እብጠት ካየሽ

*በዚያችው ደቂቃ የምትደውዪው፦*

- ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ድዱ ከነጣ ወይም ከጠቆረ (የጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ አንዳንዱ ግን ተፈጥሮው ጥቁር ስለሆነ ጤነኛ ሳለ አይተሽ እወቂው)
- ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ በተለይ ትልቅ ውሻ
- ከ24 ሰዓት ላነሰ ጊዜም ቢሆን ሽንት መሽናት ካቃተው
- የኋላ እግሩ ድንገት ካልታዘዘለት
- ሲያንቀጠቅጠው ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደጋገመበት። ሲጥለው እጅሽን አፉ ውስጥ አታስገቢ፤ ምላሱን አይውጥም። ዙሪያውን እቃ አንሺ፣ መብራት ቀንሺ፣ ሰዓት ያዢ

በበጋ ከሰዓት አታውጪው። የእጅሽን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርገሽ እስከ 7 ስትቆጥሪ ካቃጠለሽ እግሩንም ያቃጥለዋል። አፍንጫቸው አጭር የሆኑት ሙቀት ቶሎ ይጥላቸዋል። ከመጠን በላይ ካለከለከና ከተንገዳገደ ወደ ጥላ ወስደሽ ውሃ አፍስሺበት፣ ቬንትሌተር ክፈቺለት፣ ወዲያው ደውዪ።

የሚፈራ ውሻ

ሊባኖስ ውስጥ የሚያስፈራ ድምፅ አይጠፋም፦ ርችት፣ የሠርግ ተኩስ፣ ነጎድጓድ፣ ከላይ ሰማዩን ሰንጥቆ የሚያልፍ ጄት። በፈረንጆች ነሐሴ 4 ቀን 2020 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ እኛስ መች ረሳነው? እኔ የያዝኳት ውሻ ከዚያ በኋላ በር ጓ ባለ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባ ነበር። ያኔ የገባኝ ነገር፣ ፍርሃት በቁጣ አይወጣም።

የፈራ ውሻ ጭራውን እግሩ መሃል ይከታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፣ ሳይደክመው ያዛጋል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ይሄን ስታዪ አትጠጊው። ቢያጉረመርም ደስ ሊልሽ ይገባል፤ «ራቂ» እያለሽ ነው። ሲያጉረመርም የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተውና በቀጥታ መንከስ ይማራል።

የምታደርጊው ይሄ ነው፦

- ዓይኑን አፍጥጠሽ አትዪ፣ ከላይ አትጎንበሺበት። ጎንሽን ሰጥተሽ ቁጭ በዪ፤ ራሱ ይምጣ፣ ያሽትሽ።
- ሲበላና አጥንት ሲይዝ አትንኪው። ልጆችንም አርቂ።
- መደበቂያ ቦታ ይኑረው። ከተደበቀበት ጎትተሽ አታውጪው።
- ድምፅ ሲጀምር መስኮትና መጋረጃ ዝጊ፣ ቴሌቪዥን ክፈቺ። አጠገብሽ መሆን ከፈለገ ይሁን፤ ብታባብዪው ፍርሃቱ አይብስም።
- በርችት ቀን አስቀድመሽ፣ ሳይመሽ አውጪው። የአንገቱን ማሰሪያ ከበሩ ሳትወጪ ፈትሺ። የደነገጠ ውሻ ገመድ በጥሶ ይሮጣል፤ ተከትለሽው መኪና መንገድ ውስጥ አትግቢ።

ፍርሃቱ ከባድ ከሆነ ሐኪም የሚያረጋጋ መድኃኒት ያዝለታል። ይሄን ለመዳም መንገር ነውር አይደለም። ደግሞ ስትወጪ ስልክሽንና ኢቃማሽን ወይም ኮፒውን ያዢ።

ቢነክስሽ

ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢ። ሳይታጠብ አትሸፍኚው። ከዚያ በዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ቀድሞ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ውሻው ተከትቧል ቢሉሽም የክትባት ደብተሩን ሐኪሙ ይየው። ቁስሉም ሊመረቅዝ ስለሚችል የቴታነስ መርፌና መድኃኒት ያስፈልግሽ ይሆናል። ፎቶ አንሺ፣ ቀኑን ጻፊ። «ትንሽ ናት» ቢሉሽ፣ ትንሽም ብትሆን «ሐኪም ይየኝ» በዪ። ሊባኖስ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 140 ነው።

ያንቺ ጤናና እንቅልፍ

ዓይነ ምድሩን በጓንት ወይም በፌስታል አንሺ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፉ ትላትሎች አሉ። መዥገር በጣትሽ አትጨፍልቂ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም አስም ካለብሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ሙስሊም እህቶች፣ ለምራቁ ጓንት፣ ለሶላት የተለየ ልብስና ቦታ ብትጠይቁ ተገቢ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን በትህትና ከተነገረ ብዙ ሰው ይረዳል።

ውሻው ሌሊት የሚያስነሳሽ ከሆነ ያ ሥራ ነው። ሊባኖስ የቤት ሠራተኛ በ1946ቱ የሥራ ሕግ ውስጥ አልተካተተችም፤ ስለዚህ የምንይዘው ኮንትራታችንን ነው፣ ስለ ሌሊት እረፍት የሚለውን አንብቢ ወይም አስነብቢ። ኤምሬትስ ያላችሁ ደግሞ በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት እረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆን ያዛል። እንዲህ ብለሽ ማንሳት ትችያለሽ፦ «መዳም፣ ውሻው ሌሊት ሦስቴ ያስነሳኛል። ቀን ትንሽ ልተኛ ወይስ ተራ እንግባ?» ደብተርሽ ላይ የተጻፈው ሰዓት ይመሰክርልሻል።

የሚጠቅሙ የሊባኖስ አረብኛ ቃላት

- ል ከልብ መሪድ፦ ውሻው ታሟል
- ማ አከል፦ አልበላም
- ስተፍረግ፦ አስመለሰ
- ዓም ይርጁፍ፦ እየተንቀጠቀጠ ነው
- ማ ዓም ይትነፈስ ምኒሕ፦ በደንብ እየተነፈሰ አይደለም
- ዓድኒ፦ ነከሰኝ

መጨረሻው ሲደርስ

ያረጀ ውሻ አንድ ቀን ይሞታል፤ በደንብ ብትይዢውም። ስቃዩ ከበዛ ሐኪሙ መርፌ ሰጥቶ እንዲያሳርፈው ሊመክር ይችላል። ያ ውሳኔ የቤቱ ሰዎች ነው፤ አንቺ አትወስኚ፣ ወረቀትም አትፈርሚ። ቤት ውስጥ ብቻሽን ሳለሽ ከሞተ ወዲያው ደውዪ፣ ፎቶ አንሺ፣ እስኪመጡ ካለበት አታንሺው። «አንቺ ነሽ» ካሉሽ አትጩሂ፤ ደብተሩንና የላክሻቸውን መልእክቶች አሳዪ።

ደሞ ብታለቅሺ አትፈሪ። ለብዙዎቻችን በዚያ ቤት ስንገባ ስንወጣ ደስ ብሎት የሚቀበለን እሱ ብቻ ነው።

በርቱ እህቶቼ። ለአዲስ ገቢዎች ይሄን አድርሱላቸው፤ ደብተሩንም ዛሬውኑ ጀምሩ።